ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ጋደም ብዬ ሳለሁ ከጓሮው ክፍል «ዋይ! ዋይ!» የሚል የለቅሶ ጩኸት ተነሣ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። «ሞቼ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጉልበቴን ዳበስሁት፤ እንደ ወትሮው ይቆረጥመኛል፤ እንግዲያው አለሁ። ለካ የምትጮኸው የልጅ ልጄ ሳምሪ ኖራለች። አንድ የቴአትር ቡድን ለመጪው ዓመት ተዋንያን እመርጣለሁ ብሎ በየመብራቱ ምሰሶ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ እሷም እናቷ የሞተችባት ልጅ ሆና እንድታለቅስ ወረቀት ተሰጥቷት መለማመዷ ነው። ይህን እስክረዳ ድረስ በሩ ብርግድ አለና ጎረቤቴ ዘይነባ ባንድ እግሯ ብቻ ጫማ አጥልቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። «ወይኔ እማማን! ወይኔ ደጓን!» እያለች አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቅ ጀመር። «ዘይነባ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኋት። «እርስዎ ነዎታ!» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ የሳቅነውን ሳቅ ምን ልበላችሁ፤ ሳምሪ ደግሞ ያንን ሁሉ ለቅሶዋን ትታ ከኛ ጋር መሬት ላይ ተንከባለለች።

ዘይነባ ሻይዋን ጠጥታ ከሄደች በኋላ ግን እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ አልነበርሁም። ልቤ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ አያ ተሰማ ግቢ ሄዶ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ጣልያን እዚህ በነበረበት ዘመን ነው፣ በቃ። ያኔ ፋሲሎ ብሎ ሠፈር የለም፤ ዛሬ ሕንፃ በሕንፃ የሆነው ቦታ ሁሉ የጅብ መዋያ ቁጥቋጦ ነበር። ባሕር ዳር ማለት ጊዮርጊስ ነው፤ ከጊዮርጊስ ወደ ውኃው ሲወርዱ ደግሞ የታንኳ ሠሪዎቹ የሙስሊሞቹ ሠፈር አለ፤ በፀሐይ የተሰጣ ደንገል ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል። እስከ ዛሬ ድረስ ደረቅ ደንገል ሲሸተኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። አንድ ክንድ የሚያህል አምባዛ ዓሣ ባንድ የጣልያን ሊሬ ይሸጣል፤ ጠገራ ብር የለመዱት ሽማግሌዎች ግን ሊሬን እንደ ቅጠል አይተው «ይቺ ደግሞ ዝናብ ቢነካት?» ይላሉ። ከወደቡ አጠገብ ፉርኖ የሚጋገርበት ቤት ነበረ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ማዕዘን ላይ ሽታውን በነፃ ለመብላት ብቻ የምንቆም ልጃገረዶች ብዙ ነበርን። ልብሳችን አቡጀዲ ነው፤ ሀብታም የሆነች ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ታስገባበታለች። ወንዶቹ የካኪ ቁምጣ ካገኙ ሰማይን በጥፍራቸው ይቧጥጡ ነበር። አይ ጊዜ! ዛሬ ሳምሪ ሆን ተብሎ የተቀደደ ሱሪ በውድ ገዝታ ስትመጣ፣ አያ ተሰማ ቢያይ ኖሮ መርፌውን ይዞ ያባርራት ነበር እላለሁ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ አልነበርሁም። ከይፋግ ነኝ፣ ከባሕሩ ወዲያ ማዶ። እናቴ አንጓች አንድ እኔን ብቻ ነው የወለደችው፤ አባቴን አላውቀውም። ባሕር ዳር ያለችው አክስቴ ብርቄ ስትወልድ «ሄደሽ አራሷን እርጂ፣ ለወር ነው» ብላ እናቴ በታንኳ ላከችኝ። ወሩ ሳያልቅ አገር ተበጣበጠ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ በባሕሩም ላይ ያለ ወረቀት ሰው እንዳይሻገር ተባለ። ዳርና ዳር ላይ ኬላ ቆመ። ወረቀቱን የሚሰጠው የወደቡ ሹም ነው፤ አክስቴ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ «ሥራዋ ምንድን ነው? ሥራ ከሌላት ለምን ትሻገራለች?» ተብላ ተመለሰች። እናትን ማየት ሥራ አይደለም እንግዲህ! ሁለት ክረምት አለፈ። ሲመሽ ከዳር ቆሜ ማዶ ማዶውን አያለሁ፤ ውኃው እንዲያ ተንጣልሎ እኔ ለእናቴ ዓይን መራቤ፣ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔን ነው። የናፍቆት ብዛት ፊቷን ያስረሳኝ ጀመር፤ ድምፅዋን ብቻ ነበር አጥብቄ የያዝሁት።

የወደቡ ሹም የጣልያን ካፒቴን ነው፤ ወፍራም፣ አጭር፣ ቀይ ሰው። ሸክላ የሚያጫውት መሣሪያ ነበረውና ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ በኩል አንዲት የጣልያን ሴት ስትጮህ ትውላለች። እኛም ስሙን አባ ሸክላ አልነው። ልብሱን የሚሰፋለት አያ ተሰማ ነው፤ ከጊዮርጊስ በላይ ካለችው ዋርካ ሥር ግቢ የነበረው፣ ሜትሩን ካንገቱ የማያወርድ፣ አፉ እንደ ስፌት መኪናው የማያርፍ ሰው። አንድ ቀን ሱሪ ሲለካው ካፒቴኑ «እዚህ አገር ቴአትር የለም፣ ሰለቸኝ» ይለዋል። አያ ተሰማ ታዲያ «ቴአትር? እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ያየሁት ምን ሆነና!» አይል መሰላችሁ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ካፒቴኑ ዘሎ አቀፈው፤ «በል ሰዎችህን ምረጥ፤ ለመጪው በጋ በኔ መርከብ እየዞራችሁ በባሕሩ ዙሪያ ገበያ ሁሉ ትጫወታላችሁ፤ ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ» አለው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አያ ተሰማ ያየው የቴአትር ግማሽ ነው። በር ላይ ቆሞ ሲያይ ዘበኛ አባሮታል። መጨረሻውን ስለማያውቅ ከራሱ ፈጠረ። አንድ ነጋዴ አባት ሩቅ አገር ሄዶ ይዘገያል፤ መርዶ ይመጣል፤ ልጁ ታለቅሳለች፤ ለቅሶው ሳያልቅ አባትየው በበቅሎው ከች ይላል። በመሐል ሌባና ዳኛም ይገባሉ፤ ያው ይኸው ነው።

የሚዞሩባቸው ገበያዎች ሲቆጠሩ ይፋግ አለችበት። ይህን የሰማሁ ዕለት እህል አልበላሁም። እኔ ያኔ አያ ተሰማ ዘንድ ጠርዝ እዘመዝም ነበር፤ ለቴአትሩ የተገዛውን የአቡጀዲ መጋረጃም የሰጠው ለኔ ነው። «አያ ተሰማ፣ መጋረጃውን የሚይዝ ሰው አያስፈልግም ወይ?» ብለው «ካፒቴኑ የሚጽፈው ለተዋናይ ብቻ ነው፣ እህቴ፤ ሴት ደግሞ አይጫወትም» አለኝ። እንግዲህ ምን እላለሁ? ከአጥሩ ጀርባ ተቀምጬ መርፌዬን እየወጋሁ ምርጫውን ማየት ሆነ ሥራዬ።

አቤት ምርጫ! ሦስት ቀን ሙሉ የአገሩ ጎበዝ ሁሉ ተሰለፈ። አያ ተሰማ ባዶ እንስራ እያሸከመ «ሙሉ ነው፤ እንደ ሙሉ ሆነህ ሂድ» ይላል፤ አንዱ እውነት መስሎት ወገቤን ብሎ ተቀመጠ። ለሌባ የታጨው ሥጋ ሻጭ ሲመታ መሬት ይወድቅ ዘንድ ቢነገረው «በጨዋታም ቢሆን ተመትቼ አልወድቅም፣ ዘር አለኝ!» ብሎ ዱላውን ቀምቶ ሄደ። የቅኔ ተማሪው ለተጠየቀው ሁሉ በግዕዝ ይመልሳል። ለዳኛ የተመረጠው ደግሞ በርጩማው ላይ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ አልወርድም አለ፤ ይግባኝ እንኳ ይሰማ ጀመር፤ ሁለት እውነተኛ ባለጉዳዮች የበሬ ጉዳይ ይዘው ቀርበውለት ፈረደላቸው። ሁሉም ሆኖ ለሁሉም ቦታ ሰው ተገኘ። የቀረችው ልጅቱ ናት። ጢም ያላወጡ ሦስት ጎረምሶች ሻሽ አስረው ቀረቡ። አንደኛው እንደ ጥጃ አለቀሰ። ሁለተኛው አፉን ሲከፍት ሳቁ ያመልጠዋል። ሦስተኛው «አባቴ በቁሙ እያለ ሞተ ብዬ ላልቅስ? ሟርት ነው፣ አላደርገውም!» ብሎ ሻሹን ወርውሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

አያ ተሰማ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «እንግዲህ ቀረ» አለ። «የሚያለቅስ ከሌለ ቴአትር የለም፤ ቴአትር ከሌለ መርከብም ወረቀትም የለም። ነገ ለካፒቴኑ እነግረዋለሁ።» ይህን ስሰማ መርፌው ከእጄ ወደቀ። የእናቴ ፊት፣ ያ ይጠፋብኝ የነበረው ፊት፣ ድቅን አለብኝ። ከዚያ የሆነውን እኔ አላደረግሁትም፤ ራሱ ወጣ። «እመዬ! እመዬ ወዴት ነሽ! ዋይ እናቴን!» ብዬ ከአጥሩ ጀርባ ለቀቅሁት። ሁለት ክረምት የተጠራቀመ ነገር ነው፤ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም። የዋርካዋ ወፎች ሁሉ ተነሡ። አያ ተሰማ አጥሩን በርግዶ መጣና እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ «ይቺ ናት! ይቺ ናት!» ይላል።

እኛ የረሳነው አንድ ነገር ነበር። በኛ አገር ለቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም። ድምፁ ወደ ተሰማበት ይሮጣል፣ ደረት ይመታል፣ ይለቀሳል፤ ሲደክም ቁጭ ተብሎ ነው ቀስ ብሎ የሚጠየቀው። ሳያለቅሱ መጠየቅ ነውር ነው። ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ግቢው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ እያጓሩ፣ የታንኳ ሠሪዎቹ ሚስቶች ከነልጆቻቸው። አያ ተሰማ በመሐል ቆሞ «ኧረ ጨዋታ ነው! ጎበዝ፣ ማንም አልሞተም!» ቢል፣ «ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቷል፣ ያዙት» ብለው አራት ሆነው ይዘው መሬት ላይ አስቀመጡት። ንፍሮ የሚቀቅል ብረት ድስት እንኳ መጣ። በመጨረሻ አክስቴ ብርቄ ደረሰች። ውኃ ልትቀዳ ከወረደችበት ለቅሶው ከአያ ተሰማ ግቢ ሲመጣ ሰምታ፣ እዚያ ከኔ በቀር የሚሞትባት የለም ብላ፣ ፀጉሯን እየነጨች «ጥሩዬን! ልጄን! ለአንጓች ምን ብዬ ልንገራት!» እያለች በዳር በዳሩ ነው የሮጠችው።

እዚያ ዳር ላይ ደግሞ አያ ኑርዬ ነበር። የካፒቴኑን እህል በታንኳ የሚያመላልስ፣ እጁ የሰፋ፣ ልቡ የባሰ የሰፋ ሰው። ወደ ይፋግ በኩል ሊቀዝፍ ገመዱን ሲፈታ የአክስቴን ቃል ሰማ። እናቴን ያውቃታል፤ ሰላምታ ያመላልስልን የነበረው እሱ ነው፤ ሰው ግን ኬላው ስለሚቆጥር ማሳፈር አይችልም። ነፋሱ እንዳያልፈው ብሎ መጨረሻውን ሳይጠብቅ እንባውን በኩታው ጠርጎ ቀዘፈ። እኛ ይህን አላየንም፤ የነገረን በኋላ ራሱ ነው። እኔን አክስቴ ከአጥሩ ጀርባ መርፌ ፍለጋ ተንበርክኬ አገኘችኝ። ቆማ አየችኝ፤ አየችኝ፤ ከዚያ የያዘችውን ቅል ወረወረችብኝ። እግዜር ይስጣት፣ ሳተችኝ።

ማምሻውን ሽማግሌ ተሰበሰበ። የጊዮርጊሱ አለቃ ሣህሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ። «ተሰማ፣ ለቅሶ መጫወቻ አይደለም። ዛሬ በውሸት ካስለቀስኸን ነገ በእውነት ብትሞት ማን ይመጣልሃል?» አሉት። እሱም «አባቴ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ ግን ልጅቱ በውሸት አላለቀሰችም» አላቸው። አለቃ ዞር ብለው ተመለከቱኝና «ለምን አለቀስሽ ታዲያ?» አሉኝ። «እናቴ ናፍቃኝ» አልሁ። እሳቸውም ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው «እንዲህ ይሁን» አሉ፤ «እሑድ ካፒቴኑ ፊት ስትጫወቱ አስቀድሞ ለፋፊ ይዙር። የለቅሶውም መጨረሻ እልልታ ይሁን፤ በእንባ አይዘጋ።» አክስቴ ቤት ስንገባ «ዘመዶቼ ሁሉ ምን ይሉኛል? አዝማሪ ልትሆኚ?» ብላ ጀመረች። «መርከቡ ይፋግ ይቆማል» አልኋት። ማበጠሪያ አነሣችና «ነይ፣ ቁጭ በይ፤ እንዲህ ተንጨፍርረሽ ነው ካፒቴን ፊት የምትቆሚው?» ብላ ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለፋፊው በሦስት ማዕዘን ዞረ። «ስማ፣ ስማ! ያልሰማ እንዳይሸበር! ዛሬ ከዋርካው ሥር የሚሰማው ለቅሶ የጨዋታ ነው! ማንም አልሞተም! ንፍሮ የቀቀለ ለራሱ ይብላ!» ይህ ሁሉ ተለፍፎ እንኳ ግማሹ ሴት ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የመጣው፤ ምናልባት ብሎ። ካፒቴኑ በወንበር ተቀመጠ፤ አስተርጓሚው በጎኑ ቆመ። ለካፒቴኑ ደስ ካላለው ወረቀት እንደማይጽፍ ሁላችንም እናውቃለን። የሠፋሁት መጋረጃ ተከፈተ። ባሕሩ ከፊት ለፊቴ ተዘርግቷል። መርዶ ነጋሪው ገብቶ ቃሉን ተናገረ፤ ቀጥሎ የኔ ነው። «እመዬ!» ብዬ ጀመርሁ፤ አባዬ ማለት እንዳለብኝ አያ ተሰማ ከመጋረጃው ጀርባ በምልክት ቢነግረኝም አፌ እምቢ አለ። «እመዬ ወዴት ነሽ!» አልሁ።

ከባሕሩ ላይ መልስ መጣ። እናንተ ሆይ፣ ጆሮዬን አላመንሁም። ሴት ናት፣ ድምፅዋ በለቅሶ ሻክሯል፤ ዜማ አውጥታ እየመጣች ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ታንኳ ወደ ዳር ትጠጋለች፤ ቀዛፊው አያ ኑርዬ ነው፤ ፊት ለፊቱ ወገቧን በመቀነት አሥራ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ደረቷን እየመታች እንዲህ ትላለች፤

ወረቀት አምጪ አሉኝ ልጄን ለመጠየቅ፣
ለሞት ማን ጽፎለት ገባ ሳይጠየቅ።

ሁለት ቀን በባሕሩ ላይ ስትገጥመው የመጣችው ነው። ኑርዬ መርዶውን ሲነግራት ሮጣ ወደ ኬላው ወረደች፤ ዘቡ «ወረቀት» ሲላት «ልጄ ሞታለች» አለችው፤ እሱም የእናት ልጅ ነውና አማትቦ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ለፋፊው ማዶ አልዞረም። እሷ የምታውቀው እኔ እንደ ሞትሁ ነው፤ ከዳር የሰማችውም ለቅሶ የኔ ቀብር መስሏታል። ሰው ግን ጨዋታ መሰለው። «ተሰማ ይህችንስ ከየት አመጣት!» ይላሉ። ካፒቴኑ እጁን በአየር ላይ ሰቅሎ ቀርቷል። «ምን እያለች ነው?» ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው የአገር ልጅ ነው፣ ግጥሙ ገብቶታል፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። «እ... የጌታዬን ወረቀት እያመሰገነች ነው፤ ያለ እሱ ሞት እንኳ አይንቀሳቀስም ትላለች» አለው። ካፒቴኑ ደረቱን ነፋ።

እኔስ? እኔ የጨዋታውን ቃል ሁሉ ረሳሁት። ከመድረኩ ወርጄ ሮጥሁ። ውኃው እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እናቴ ስታየኝ ዜማዋ ባፏ ላይ ቀረ። ከታንኳው ላይ እንደ ቆመች ራሴን፣ ዓይኔን፣ ትከሻዬን በሁለት እጇ ዳበሰችኝ፤ ሹሩባዬን እንኳ ቆጠረችው መሰለኝ። ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ! «በቁምሽ ታስለቅሺኛለሽ?! አንጀቴን ቆርጠሽ ጣልሽውኮ!» አለች፤ አለችና በላዬ ላይ ወደቀች። ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ተቀመጥን። ስትነሣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እልልታ ነው። አለቃ ሣህሉ ያዘዙት እልልታ ይህ አልነበረም፤ ግን ደረሰ። ዳሩ ሁሉ ተቀበላት፤ አክስቴ ከመሐል እየዘለለች፣ ኑርዬ በመቅዘፊያው ታንኳውን እየደበደበ «ከሞት የተረፈች! አልሐምዱሊላህ!» ይላል። ያ ጥፊ እስከ ዛሬ ጉንጬ ላይ አለ። አልሸጠውም።

ካፒቴኑ ቆሞ «ብራቮ! ብራቮ!» እያለ ያጨበጭባል፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ለዚያ ሰው አንዳንድ ነገሩን ይቅር የምለው ስለዚያች እንባ ነው። «ተሰማ፣ ይህችን ሴት የት አገኘሃት?» አለ። እኔ አሁን አለቀልን አልሁ። ያለ ወረቀት የተሻገረች ሴት! አክስቴ መቀነቷን ጨበጠች። አያ ተሰማ ሜትሩን ካንገቱ አስተካክሎ ቀረበና «የኛው ናት፣ ጌታዬ» አለ፤ «ትልቋ ተዋናያችን ናት። ማዶ ናት የምትኖረው፤ የጎደለን ወረቀቷ ብቻ ነው።» ካፒቴኑ ተቆጣ፤ በራሱ ጸሐፊ ላይ! «እንዲህ ያለች ሴት ወረቀት የላትም?» ብሎ እዚያው ጉልበቱ ላይ ጻፈ፣ ማኅተሙን አስመጥቶ መታ። ለኔም ለሷም። ሥራ በሚለው ላይ «ቴአትር» ተብሎ ተጻፈ። እናቴ አስተርጓሚውን «ቴአትር ምንድን ነው?» ብትለው «ልጅዎን ማየት ነው፣ እናቴ» አላት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ አይደል? ያቺን ወረቀት ከክታቧ ጋር ሰፍታ ባንገቷ አሠረቻት።

ያ በጋ! በመርከቡ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ራሴን በእናቴ ጭን ላይ አድርጌ፣ እሷ ያልሠራችውን ሹሩባ እያማች ልትፈታው ስትሞክር... ሌላ ደስታ አላውቅም። በጨዋታው ውስጥ ነጋዴው አባት ቀረና ነጋዴ እናት ሆነ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቆይታ፣ ሦስተኛውን ለቅሶ ካለቀስሁ በኋላ ነው የምትገባው። የመጀመሪያው ቀን ዘጌ ላይ ገና አንዴ «እመዬ!» ስል መጋረጃውን ቀዳ ወጣች። «አለሁ ልጄ! አለሁ!» ጨዋታው ሳይጀመር አለቀ። አያ ተሰማ ራሱን ይዞ «እትየ አንጓች፣ ስለ ማርያም፣ እስከ ሦስተኛው ይጠብቁ!» አላት። «በጊዮርጊስ፣ እጠብቃለሁ» አለች። ጎርጎራ ላይ ሁለት ጎረምሶች እጇን ይዘዋት ነበር፤ ሁለቱንም ጎትታ ይዛቸው ወጣች። «ልጄ እየጠራችኝ ዝም ልበል? ምን ዓይነት እናት ናት የምትጠብቅ?» አለችው። በመጨረሻ አያ ተሰማ ተሸነፈ፤ ለቅሶው አንድ ብቻ ሆነ፣ የቀረውን ጊዜ በዘፈን ሞላው። በየገበያው የመጣው ሰው ግን ያቺን «አለሁ» ሊሰማ ነበር የሚመጣው። ማዶ ሰው ያልቀረበት ማን ነበረ ያን ጊዜ? ይፋግ ላይ አንዲት አሮጊት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ወደ እናቴ መጥታ «እስቲ ለኔም ድገሚልኝ» አለቻት፤ እናቴም እጇን ይዛ ቀስ ብላ «አለሁ» አለችላት። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም።

ከዚያ ጊዜው ተገለበጠ፤ ካፒቴኑ ሸክላውን እንኳ ሳይዝ ሄደ፤ አያ ተሰማ ወደ ሱሪው ተመለሰ። መንገዱም ተከፈተ፣ ወረቀትም የጠየቀ የለም። እናቴ ከኔ ጋር ባሕር ዳር ቀረች፣ የልጆቼን ልጆች ጥርስ ሲያወጡ አየች፣ ጠግባ ሞተች። የዚያን ዕለት በእውነት አለቀስሁ። «እመዬ ወዴት ነሽ!» ብዬ ስጮህ፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ እኔ ብቻ ከባሕሩ በኩል ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን ጠበቅሁ። ስጠራት ያልመጣችው ያን ቀን ብቻ ነው።

የሳምሪ ምርጫ ነገ ነው። ካልወሰድሽኝ ብዬ አስቸግሬያት እሺ ብላለች፤ ከኋላ ወንበር እንድቀመጥ፣ ዘይነባም አጠገቤ እንድትሆን ተስማምተናል። ነገር ግን አንድ ቃል አስገብታኛለች፤ «እማ፣ እኔ ሳለቅስ እንዳትናገሪ። ዳኞቹ ነጥብ ይቀንሱብኛል» አለችኝ። በጊዮርጊስ ምዬ ዝም እላለሁ ብያታለሁ። እናቴም ለአያ ተሰማ በጊዮርጊስ ነበር የማለችለት።